«ብዙ ጊዜ» ስንት ጊዜ ነው? የእንግሊዝኛ የድግግሞሽ ቃላት በክፍል፣ በፈተናና በመጠይቅ ውስጥ

አንድ ርእሰ መምህር የቀረበለትን መጠይቅ ይሞላል እንበል። ጥያቄው መምህራን በትምህርት መርጃ መሣሪያ መጠቀም አለመጠቀማቸውን የሚመለከት ሲሆን፣ ከሥሩ ኦልዌይስ፣ ኦፍን፣ ሰምታይምስ፣ ሬርሊ፣ ኔቨር የሚሉ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት በሣጥን በሣጥን ተሰልፈዋል። ርእሰ መምህሩ ጥቂት ካመነታ በኋላ በሁለተኛው ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። በሌላ ወረዳ የሚገኝ ባልደረባውም እንዲሁ ሁለተኛውን ሣጥን ይመርጣል። ነገር ግን በመጀመሪያው ትምህርት ቤት መምህራን መርጃ መሣሪያ ይዘው ወደ ክፍል የሚገቡት በሳምንት አራት ቀን ነው፤ በሁለተኛው አንድ ቀን ብቻ ነው። የሁለተኛው ርእሰ መምህር አልዋሸም፤ ካለፈው ዓመት ጋር ሲያስተያየው አንዱ ቀን በዝቶ ታይቶታል። ሁለቱ መልሶች ከማጠቃለያው ሠንጠረዥ ሲደርሱ በአንድ ዓምድ ይደመራሉ፤ ድምሩ በመቶኛ ይሰላል፤ መቶኛውም ለመርጃ መሣሪያ ማምረቻ ለሚመደበው ገንዘብ እንደ ማስረጃ ይቀርባል።

ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ጥቃቅን ቃላት ላይ የሚያተኩር ነው። ጉዳዩ የቋንቋ መምህራን ብቻ ጉዳይ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ እንደሚታወቀው በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ቃላቱ የሳይንሱንም የሒሳቡንም የጂኦግራፊውንም መምህር ያገኙታል። ዕቅድ አውጪውን ደግሞ በቅጽና በመጠይቅ በኩል ያገኙታል።

ስለ ቃላቱ አመጣጥ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ ሆኖም ለማስታወስ የሚረዳ ነገር አለበት። ኦልዌይስ «መንገዱን ሁሉ» ከሚል የጥንት እንግሊዝኛ ሐረግ የመጣ ነው። ኔቨር ኤቨር በሚለው ቃል ፊት የአሉታ ምልክት ተጨምሮበት የተሠራ ሲሆን፣ ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ይጠቅመናል። ዩዡዋሊና ሬርሊ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የገቡ ናቸው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ለማለት እንግሊዝኛ ዋንስ፣ ትዋይስ፣ ስራይስ የሚሉ የተለዩ ቃላት ሲኖሩት፣ ከአራት ጀምሮ ግን እንደ እኛው ቁጥሩንና «ጊዜ» የሚለውን ቃል አጣምሮ ይሄዳል። ስራይስም ዛሬ በአብዛኛው ተናጋሪ ዘንድ ያረጀ ሆኗል፤ በሕንድ እንግሊዝኛ ግን አሁንም ይሰማል።

አማርኛ ድግግሞሽን እንዴት ይገልጻል?

ለተማሪው ችግር መነሻው እዚህ ላይ ነው። አማርኛ የድግግሞሽ ተውሳከ ግሥ ጎድሎት አይደለም፤ ሁልጊዜ፣ ዘወትር፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ፣ አንዳንድ ጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ ከስንት አንዴ፣ ከቶ፣ ፈጽሞ እያልን እንናገራለን። ነገር ግን ቋንቋው ከዚሁ ሥራ ከፍ ያለውን ድርሻ የሚሰጠው ለግሡ ነው። «ማርፈድ ያበዛል» እንላለን፤ «መጠየቅ ያዘወትራል» እንላለን፤ «ሳያሰልስ ያጠናል»፣ «ከቤተ መጻሕፍት አይጠፋም» እንላለን። በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ኦፍን ወይም ዩዡዋሊ ለሚለው ቃል አቻ የሚሆን የተለየ ቃል የለም፤ ሐሳቡ ግን ሙሉ ነው። ተማሪው ከአማርኛ ተነሥቶ ሲጽፍ «ከቤተ መጻሕፍት አይጠፋም» የሚለውን ቃል በቃል ገልብጦ ስለ መጥፋትና አለመጥፋት መጻፉ የሚያስደንቅ አይሆንም።

በዚህ ላይ የቃና ጉዳይ አለ። «ያበዛል» የሚለው ግሥ ብዙውን ጊዜ ወቀሳን ያዘለ ነው፤ ኦፍን ግን አይወቅስም፣ አያመሰግንም፤ መጠኑን ብቻ ይናገራል። እንግሊዝኛ በዚህ ረገድ ወቀሳን የሚያሰማው በሌላ መንገድ ነው፤ ኦልዌይስን ከቀጣይ ድርጊት የግሥ መልክ ጋር ሲያጣምር። «ሂ ኢዝ ኦልዌይስ ኮምፕሌይኒንግ» ማለት «ሁሌ እንዳማረረ ነው» ማለት እንጂ፣ ሰውየው ሌሊትም ቀንም ያማርራል ማለት አይደለም። የሁለቱ ቋንቋዎች አነጋገር በዚህ ቦታ በደንብ ይገናኛል፤ መምህሩ ሊጠቀምበት ይገባል።

አማርኛ ግሡን ራሱን በመደጋገምም ድርጊት መብዛቱን ያሳያል፤ ጠየቀ ብሎ ጠያየቀ፣ ቆረጠ ብሎ ቆራረጠ ይላል። ይሁንና «ገመዱን ቆራረጠው» ስንል ቁራጮቹ በዙ ማለታችን ነው፤ ሰውየው ገመድ የመቁረጥ ልማድ አለው ማለታችን አይደለም። የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት የሚናገሩት ስለዚህ ሁለተኛው፣ ማለት በቀናትና በአጋጣሚዎች ላይ ስለሚዘረጋው መደጋገም ነው። ሌላው መጠንቀቅ የሚያሻው ነገር ደግሞ «ይመጣል» የሚለው ነው። ይህ አንድ ግሥ በልማድ የሚመጣውንም ነገ የሚመጣውንም ይይዛል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያል፤ የድግግሞሽ ቃላቱም ከሁሉ ይልቅ የሚስማሙት ከልማዳዊው የአሁን ጊዜ ጋር ነው። «ይመጣ ነበር» የሚለውም እንዲሁ ያለፈ ልማድን ወይም በመምጣት ላይ የነበረን ሰው ሊያመለክት ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ኔቨር ነው። አማርኛ ለዚህ አንድ ቃል ቢያንስ ሦስት አነጋገር አለው። ስለ ልማድ ሲሆን «ፈጽሞ አይጠጣም» እንላለን። ስለ ወደፊት ሲሆን «መቼም አልሄድም» እንላለን። በሕይወታችን ስላላጋጠመን ነገር ሲሆን ደግሞ «ማወቅ» የሚለውን ግሥ እንጠራለን፤ «ጎንደር ሄጄ አላውቅም»፣ ለጥያቄም «ሄደህ ታውቃለህ?» እንላለን። በሦስቱም አነጋገሮች ግሡ ራሱ አሉታ ይሆናል። ኔቨር ግን አሉታውን በውስጡ ስለያዘ፣ ግሡ በአዎንታ መቆየት አለበት። ተማሪው «ፈጽሞ አይመጣም» የሚለውን እያሰበ «ሂ ኔቨር ዳዝ ኖት ከም» ብሎ ሲጽፍ ስንፍና አይደለም፤ በራሱ ቋንቋ ትክክለኛ የሆነውን ሕግ በታማኝነት መከተሉ ነው። መምህሩ ስሕተቱን በቀይ ቀለም ከማክበብ ይልቅ፣ ከላይ ያነሣነውን የቃሉን አሠራር ማሳየት ይበጀዋል፤ አሉታው በኔቨር ራስ ላይ አንድ ጊዜ ተቀምጧልና ሁለተኛ አያስፈልግም። ኔቨር ሲወልቅ የሚቀረው ኤቨር ደግሞ «ታውቃለህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚያገለግለው ቃል ነው።

ሴልደም፣ ሬርሊና ሃርድሊ ኤቨርም ወደ አሉታ ያዘነበሉ ስለሆኑ በዚያው ሕግ ይተዳደራሉ። ሃርድሊ በሚለው ቃል ላይ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ። ሃርድ ማለት «በርትቶ» ሲሆን፣ ሃርድሊ ግን «እምብዛም» ማለት ነው። አባቱን ለማመስገን «ማይ ፋዘር ሃርድሊ ወርክስ» ብሎ የጻፈ ልጅ አባቱን ሥራ ፈት አድርጎ አረፈው።

የቃላቱ ቦታ

አማርኛ «ሁልጊዜ አልማዝ ቀድማ ትመጣለች» ቢልም፣ «አልማዝ ሁልጊዜ ቀድማ ትመጣለች» ቢልም ያስኬዳል። በእንግሊዝኛ የድግግሞሹ ቃል የተለመደ ስፍራ በባለቤቱና በዋናው ግሥ መካከል ነው፤ «አልማዝ ኦልዌይስ ከምስ ኤርሊ» ይባላል። ረዳት ግሥ ካለ ከመጀመሪያው ረዳት ግሥ ቀጥሎ ይገባል፤ «አልማዝ ሃዝ ኦልዌይስ ከም ኤርሊ»። «ነው፣ ናት» ለማለት የሚያገለግለው ግሥ ግን ብቻውንም ሲሆን ቃሉን ይቀድማል፤ «አልማዝ ኢዝ ኦልዌይስ ኤርሊ»። ዩዡዋሊ፣ ኦፍንና ሰምታይምስ በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ መቀመጥ ሲችሉ፣ ኦልዌይስ በተራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲህ አይቀመጥም። ኔቨር፣ ሴልደምና ሬርሊ ወደ ፊት ከመጡ ደግሞ ረዳት ግሡን ከባለቤቱ አስቀድመው እንደ ጥያቄ ያስመስሉታል፤ ይህ አጻጻፍ ለላይኞቹ ክፍሎች ቢቆይ ይሻላል።

ቃሉና ቁጥሩ

በብዙ የሰዋስው መጻሕፍት ውስጥ የድግግሞሽ ቃላት በመሰላል መልክ ተሠርተው፣ ከጎናቸው መቶኛ ተጽፎላቸው ይገኛሉ። ኦልዌይስ 100፣ ኔቨር 0 ይሆናል፤ ሰምታይምስ መካከል ላይ 50 ይሰጠዋል። ለጀማሪ ተማሪ የቃላቱን ቅደም ተከተል ለማሳየት መሰላሉ መልካም ነው። ቁጥሮቹ ግን በአብዛኛው የመጽሐፉ አዘጋጅ ግምት እንጂ ተናጋሪዎች ተጠይቀው የተገኙ አይደሉም።

ተናጋሪዎቹን የጠየቁ አሉ። በ1944 እ.ኤ.አ. ሲምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ተማሪዎች ለእያንዳንዱ ቃል ከመቶ ስንት እንደሚሰጡ መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። በ1968 እ.ኤ.አ. ሄከል የተባለ ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ጥናት ደገመው። በመጀመሪያው ጥናት መካከለኛው መልስ ለዩዡዋሊ 85፣ ለኦፍን 78፣ ለሰምታይምስ 20፣ ለሴልደም 10፣ ለሬርሊ 5 ነበር። በሁለተኛው 79፣ 74፣ 29፣ 9 እና 5 ሆነ። ከሃያ ዓመት በላይ ልዩነት እያለ ቅደም ተከተሉ እንዲህ መጽናቱ ያስደንቃል። ሰምታይምስ በሁለቱም ጥናቶች ከ50 እጅግ ዝቅ ብሎ መገኘቱም መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ነው፤ «አንዳንድ ጊዜ» የሚለውን አማርኛ የሚያውቅ ሰውም 50 የሚለውን ቁጥር ሲያይ ቅር ይለዋል ብዬ እገምታለሁ። ይሁን እንጂ እነዚህ የመካከለኛ ሰው መልሶች ናቸው። ሄከል ራሱ ያጎላው ነገር በአንድ ቃል ላይ የግለሰቦች መልስ እጅግ የተራራቀ መሆኑን ነው።

በ1974 እ.ኤ.አ. ፔፐርና ፕሪቱላክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ነገሩን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፉት። አንድ ቃል የሚሰጠው ቁጥር እንደሚነገርለት ነገር ይለወጣል። በካውቦይ ፊልም ውስጥ ተኩስ «ፍሪኩዌንትሊ» ይሰማል ሲባል አድማጩ ከፍ ያለ ቁጥር ያስባል፤ ስለ አውሮፕላን አደጋ ያው ቃል ሲነገር ግን ቁጥሩ እጅግ ይወርዳል። ሰው ቃሉን የሚሰፍረው ከነገሩ በሚጠብቀው መጠን ነው ማለት ነው። መግቢያው ላይ ያነሣናቸው ሁለት ርእሳነ መምህራን ያደረጉትም ይህንኑ ነው።

በሕክምናው ዓለም ይህ ልዩነት የጨዋታ አይደለም። በአውሮፓ በመድኃኒት መግለጫዎች ላይ የጎንዮሽ ጉዳት መጠን የሚገለጽባቸው ቃላት በቁጥር ተወስነዋል። በዚያ ሥርዓት «ሬር» ማለት ከ10,000 ሰዎች በአንዱ ጀምሮ ከ1,000 በአንዱ እስከማይሞላ ድረስ የሚደርስ ማለት ነው። ከላይ ያየናቸው ተማሪዎች ለሬርሊ የሰጡት 5 በመቶ ግን ከ1,000 ሰዎች 50 ይሆናል። መግለጫውን የጻፈው ባለሙያና የሚያነበው በሽተኛ በአንድ ቃል ሥር ቢያንስ 50 እጥፍ ተራርቀዋል። ከዚህም የከፋ አለ። ሜቶትሬክሴት የተባለው መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሲታዘዝ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ የወሰዱ ሰዎች ሞተዋል። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ስሕተት ለመከላከል ተጨማሪ ማስጠንቀቂያዎች እንዲደረጉ ወስኗል። ተማሪያችን ነገ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ «ዋንስ ዊክሊ» የሚል ጽሑፍ አንብቦ ለእናቱ የሚተረጉም ሰው ነው። ዋንስ የሚለውን አውቆ ዊክሊ የሚለውን ቢዘልለው፣ በሰዋስው ፈተና የሚቀነስበት ግማሽ ነጥብ ነው፤ በቤቱ ግን እንዲያ አይደለም።

በሳይንስ ትምህርትና በፈተና

የሳይንስ መጽሐፍ አንድን ሕግ ሲጽፍ ዩዡዋሊ የሚለውን ቃል የሚያስገባው ለማሣመር አይደለም። ብረታ ብረቶች በክፍል ሙቀት በአብዛኛው ጠጣር ናቸው ሲል፣ ሜርኩሪ ፈሳሽ መሆኑን አስቦ ነው። አጥቢ እንስሳት በአብዛኛው ልጅ ይወልዳሉ ሲልም፣ እንቁላል የሚጥሉትን ፕላቲፐስንና ኤኪድናን ትቶ ላለማለፍ ነው። ተማሪው ግን ዋናውን ሐሳብ ብቻ ለመያዝ ስለሚጣደፍ ትንሿን ቃል ይዘልላታል፤ «እውነት ወይም ሐሰት» በሚለው ክፍል ላይ ኦልዌይስ የሚል ዓረፍተ ነገር ሲቀርብለት እውነት ብሎ ይመልሳል።

የሚገርመው፣ ተቃራኒውም መኖሩ ነው። ብልጥ ተማሪ ትምህርቱን ሳያውቅ፣ ኦልዌይስና ኔቨር ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ሐሰት፣ ዩዡዋሊና ሰምታይምስ ያለበትን ሁሉ እውነት ብሎ ይሞላና ጥሩ ነጥብ ያገኛል። ይህ የሚሆነው ፈተና አውጪው ሐሰት የሚሆን ዓረፍተ ነገር ሲቸግረው ኦልዌይስን ጨምሮ ስለሚያልፍ ነው። ፈተና አውጪዎች እነዚህን ቃላት ከእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ እንዲያስወግዱ፣ ካልሆነም በሁለቱም ወገን እኩል እንዲያከፋፍሉ የሚመከሩት ስለዚህ ነው። መምህሩ ያለፉትን የራሱን ጥያቄዎች አውጥቶ ኦልዌይስ ያለባቸውን ቢቆጥርና ስንቶቹ ሐሰት እንደ ሆኑ ቢያይ፣ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች

መጠይቅ ሲዘጋጅ ቀላሉ መፍትሔ ቃሉን ትቶ ቁጥሩን መጠየቅ ነው። ፒሳ በሚል አሕጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ምዘና በ2012 እ.ኤ.አ. ከትምህርት ቤት ስለ መቅረት ሲጠይቅ «ብዙ ጊዜ ትቀራለህ?» አላለም፤ ባለፉት ሁለት ሙሉ የትምህርት ሳምንታት ሙሉ ቀን የቀረኸው ስንት ጊዜ ነው ብሎ፣ ምንም፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ወይም አራት ጊዜ፣ አምስትና ከዚያ በላይ የሚሉ ምርጫዎችን ሰጠ። ሁለት ሳምንት ሰው ሊያስታውሰው የሚችል ዘመን ነው። በእኛም ዘንድ «መምህሩ ባለፉት 10 የትምህርት ቀናት ውስጥ በስንቱ ቀን መርጃ መሣሪያ ይዞ ገባ?» ቢባል ሁለቱ ርእሳነ መምህራን ስምንትና ሁለት ብለው ይመልሱ ነበር፤ በአንድ ዓምድም አይደመሩም ነበር። ቃላቱን መጠቀም ግድ ከሆነ ደግሞ መጠይቁ መላሹ በሚገባው ቋንቋ ይቅረብ፤ ትርጕሙም ዋናውን ባላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ይመርመር። «አልፎ አልፎ» የሚለው አማርኛ በአንዱ ተርጓሚ ሰምታይምስ፣ በሌላው ሬርሊ ሆኖ ይመለስ ይሆናል።

የዘመን መለኪያ ቃላት ሌላ ጣጣ አላቸው። ባይዊክሊ የሚለው እንግሊዝኛ በሳምንት ሁለት ጊዜም በየሁለት ሳምንቱም ማለት ሊሆን ይችላል፤ መዝገበ ቃላቱም ሁለቱንም ይመዘግባሉ። ባይአንዋል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ባይኤኒያል በየሁለት ዓመቱ ሲሆኑ፣ በጆሮ የሚለያዩት በአንድ ክፍለ ቃል ነው። እንግሊዞች ለሁለት ሳምንት ፎርትናይት፣ ማለት «ዐሥራ አራት ሌሊት» የሚል ቃል ቢኖራቸውም፣ አሜሪካውያን እምብዛም አይጠቀሙበትም። በዚህ በኩል «በሳምንት ሁለት ጊዜ» እና «በየሁለት ሳምንቱ» የሚለው አማርኛችን ፈጽሞ አያሻማም፤ ከውጭ የመጣ ቅጽ ሲተረጐም ባይዊክሊ የሚለውን በግምት ከመተርጐም ላኪውን መጠየቅ ይቀላል። (አማርኛውም ቢሆን የራሱ እንቆቅልሽ አያጣም፤ ሳምንት የሚለው ቃል ሥሩ ከስምንት ጋር አንድ ነው፤ ቀኖቹ ግን ሰባት ናቸው።)

በመጨረሻም ኳርተርሊ፣ ማለት የሩብ ዓመት ሪፖርት የሚባለው አለ። በእንግሊዝኛው ዘንድ ዓመቱ በአራት ሲከፈል ሩቦቹ እኩል ሊባሉ የሚችሉ፣ ከ90 እስከ 92 ቀን ያላቸው ናቸው። የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ስለሚጀምር፣ የመጀመሪያው ሩብ ሐምሌን፣ ነሐሴን፣ ጳጉሜንንና መስከረምን ይይዛል፤ 95 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 96 ቀን ይሆናል። የቀሩት ሦስቱ ሩቦች እያንዳንዳቸው 90 ቀን ናቸው። ከዚያ ረጅም ሩብ ውስጥ አብዛኛው ቀን ትምህርት ቤት የተዘጋበት ነው። ስለዚህ «በሩብ ዓመቱ ውስጥ ምን ያህል ጊዜ የክፍል ጉብኝት ተደረገ?» የሚል ቅጽ ለአራቱም ሩቦች አንድ ዓይነት ሆኖ ሲላክ፣ የመጀመሪያው ሩብ መልስ ሁልጊዜ ያነሰ ሆኖ ይታያል። ከቅጹ ጎን የትምህርት ቀናት ብዛት የሚሞላበት አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ ጉብኝቱ ለቀናቱ ተካፍሎ ሩብን ከሩብ ማስተያየት ይቻላል።